የተረጂ መዝገብ እንዴት ይያዛል? ከጅማ የመስክ ስራ የተወሰደ ዝርዝር መመሪያ

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ሞልቷል። ብርድ ልብስ፣ ሳሙናና ጀሪካን የምናድልበት ቀን ነበር። ረፋዱ ላይ አንዲት እናት ተራቸው ደርሶ ጠረጴዛዬ ጋ መጡ። የሻርፓቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈተው ካርዳቸውን አወጡ። ሊስቱን ከላይ እስከ ታች አየሁት። የሉም። ደግሜ አየሁት። «አዴ፣ ስምዎ አልወጣም» አልኳቸው። አልተቆጡም። «የመዘገበኝ ልጅ ቀይ ሹራብ የለበሰ ነው። ቤቴ ገብቶ ውሃ ጠጥቷል» አሉኝ። ልጁን እኔም አውቀዋለሁ፣ መረጃ ሰብሳቢያችን ነው። እሳቸው መዝጋቢያቸውን ያስታውሳሉ። የእኛ መዝገብ ግን እሳቸውን አያውቃቸውም።

ያን ቀን ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሊስቱ ላይ ያገኘናቸው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ለካ ነበሩ። ስማቸው በሌላ አጻጻፍ ገብቷል፣ የአባታቸው ስም ደግሞ ግማሹ ተቆርጧል። ያኔ የሰራሁበት ድርጅት ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ከዚያ ወዲህ በሰራሁባቸው ቦታዎች ሁሉ ያንኑ ስህተት በሌላ መልክ አይቼዋለሁ።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ጅማ ከተማም ሆነ ዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች በዕርዳታ ስራ ላይ ላላችሁ ነው። ለአገር በቀል ማህበራት፣ ለቀበሌ በጎ ፈቃደኞች፣ «አንተ ኮምፒውተር ትችላለህ፣ ዳታውን ያዝልን» ተብለው ስራው ለተጫነባቸው ሁሉ። ትልቅ ሲስተም አያስፈልግም። አንድ ላፕቶፕና ጥቂት አንድሮይድ ስልኮች ይበቃሉ። የመረጃ ስህተት በብዛት የሚፈጠረው ሜዳ ላይ አይደለም፣ ቢሮ ቁጭ ብለን ቅጹን ስናዘጋጅ ነው። ስለዚህ ከመውጣት በፊት ባለው ስራ ላይ ብዙ እቆያለሁ።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ውሳኔውን ጻፉ

መጠይቅ ከመክፈታችሁ በፊት ባዶ ወረቀት ያዙ። ከላይ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ በዚህ መረጃ ምን እንወስናለን? ከስሩ ውሳኔዎቹን ዘርዝሩ። ስንት ብርድ ልብስ እንግዛ? የውሃ ቦቴ በቀን ስንቴ ይመላለስ? ቅድሚያ ለማን ይሰጥ? ከዚያ ከእያንዳንዱ ውሳኔ ጎን የሚያስፈልገውን ጥያቄ ብቻ አስቀምጡ። ከየትኛውም ውሳኔ ጋር የማይገናኝ ጥያቄ ይሰረዝ። «አንድ ቀን ይጠቅመን ይሆናል» የሚለው ምክንያት አይበቃም።

ለምሳሌ ጎርፍ ያፈናቀላቸው 240 አባወራዎች አሉ እንበል። ስፌር የሚባለው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ ዕርዳታ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ ይላል። የቤተሰብ ብዛት ሳትጠይቁ «በአማካይ 5 ሰው» ብላችሁ ብትገምቱ 1,200 ሰው፣ በቀን 18,000 ሊትር ይመጣል። 10,000 ሊትር የምትይዝ ቦቴ ሁለቴ ብትመላለስ ይበቃል ማለት ነው። እውነተኛው አማካይ 6 ከሆነ ግን 21,600 ሊትር ነው የሚያስፈልገው። ሦስተኛ ምልልስ መጣ። «ማታ እዚህ ቤት ስንት ሰው ያድራል?» የምትለው አንዲት ጥያቄ የነዳጁንም የሹፌሩንም በጀት ቀየረች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቅ።

አሁን ደግሞ ከድሮ መጠይቅ እየተገለበጡ የሚመጡትን ተመልከቱ። የትምህርት ደረጃ፣ ሃይማኖት፣ ብሔር። ለብርድ ልብስ ዕደላ ምን ይሰራሉ? በተለይ ብሔርና ሃይማኖት ከስምና ከቤት አድራሻ ጋር አንድ ፋይል ላይ ተቀምጠው ክፉ ቀን ሲመጣ ምን ሊያስከትሉ እንደሚችሉ አስቡ። እኔ ግልጽና የተጻፈ ምክንያት ካልቀረበልኝ አላስገባቸውም። ጊዜውንም አስሉት። አንድ ጥያቄ ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ፣ አስር ትርፍ ጥያቄ በ240 ቤት ሲባዛ 20 ሰዓት ነው። ያ ሰዓት ቤት የፈረሰበት ሰው ሰዓት ነው።

ደረጃ 2፦ ያለውን ጠይቁ

ሰው በአንድ ሳምንት ለሦስት ድርጅት ያንኑ ጥያቄ ሲመልስ ይሰለቻል። አይፈረድበትም። መጀመሪያ ቀበሌውን፣ ወረዳውን፣ ቡሳ ጎኖፋን (የኦሮሚያን የመረዳጃ ተቋም) ጠይቁ። ጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞችን አትርሱ። ቤት ለቤት የሚያውቁ፣ የቤተሰብ ማህደር የሚይዙ እነሱ ናቸው። ሌሎች ድርጅቶች ምን እየሰሩ እንደሆነ ደግሞ «ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ» በሚል አራት አምድ ባለው ሰንጠረዥ ያዙ። ሁለት ድርጅት አንድ ቀበሌ ላይ ጀሪካን ሲያድል ጎረቤት ቀበሌ ባዶውን የሚቀረው ይህች ሰንጠረዥ ስለማትሰራ ነው።

የሕዝብ ቁጥር ላይ ተጠንቀቁ። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቆጠራ የጅማ ዞን 2,486,155 ሰው ነበረው። ጅማ ከተማ ለብቻዋ 120,960 ተብላ ተቆጥራለች። ከዚያ በኋላ የምታገኙት ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው። ስለዚህ ሪፖርት ላይ የሕዝብ ቁጥር ስትጽፉ ከየት እንደመጣ፣ የየትኛው ዓመት እንደሆነ፣ ከተማውን ይጨምር አይጨምር ከጎኑ አስቀምጡ።

ደረጃ 3፦ ቦታን በኮድ፣ ቤተሰብን በቁጥር

«ቀርሳ» ብላችሁ ብትጽፉ የትኛው ቀርሳ? ጅማ ዞን ውስጥ አለ፣ ምስራቅ ሐረርጌም አለ። «ጅማ» ራሷ ብቻዋን አይደለችም። ወለጋ በኩል ጅማ አርጆ፣ ጅማ ገነቲ፣ ጅማ ራሬ አሉ። በዚያ ላይ አንዱ «ሰኮሩ» ሌላው «ሶኮሩ» ይጽፋል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ፣ ኦቻ የምንለው፣ ለዚህ መፍትሔ አዘጋጅቷል። ፒ-ኮድ ይባላል። ለእያንዳንዱ ክልል፣ ዞንና ወረዳ የማይደገም ኮድ አለው። የኢትዮጵያ ኮዶች በላቲኖቹ ኢ እና ቲ ፊደላት ይጀምራሉ፤ ኦሮሚያ 04 ነው። ዝርዝሩ ኤችዲኤክስ በሚባለው የኦቻ የዳታ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። አውርዱና የወረዳዎቻችሁን ብቻ ለይታችሁ ቅጹ ውስጥ እንደ ምርጫ አስገቡ። መረጃ ሰብሳቢው የወረዳ ስም በእጁ አይጻፍ፣ ይምረጥ።

ወደ ቤተሰቡ ስንመጣ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ መለያ ቁጥር ስጡ። ቁጥሩ ከዚያ በኋላ አይቀየርም፣ ለሌላ አይሰጥም። እኔ የምጠቀመው ቀላል ነው። ሁለት አሃዝ ለቀበሌ፣ አራት አሃዝ ለቤተሰብ። 03-0147 ማለት በሦስተኛው ቀበሌ 147ኛው ካርድ ነው። ካርዶቹ ከመውጣታችሁ በፊት ቁጥራቸው ታትሞባቸው ይዘጋጁ። መረጃ ሰብሳቢዎችም ይከፋፈሏቸው፦ አንዷ ከ0001 እስከ 0100፣ ሌላው ከ0101 እስከ 0200። እያንዳንዱ ከ1 ልጀምር ካለ ማታ አምስት «0001» ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ። የተበላሸ ካርድ ይቀደድና ቁጥሩ «አልዋለም» ተብሎ ይመዝገብ።

«ቤተሰብ» ማለት ምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ከአንድ ድስት የሚበላ የሚለው ትርጉም እዚህ በደንብ ይሰራል። አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ቤተሰብ ሊኖር ይችላል። አንድ ሰው ሁለት ትዳር ኖሮት ሁለቱም ለየብቻ ጎጆ ይዘው ሊሆን ይችላል። ስሙ ሁለት ቦታ መግባቱ ማጭበርበር አይደለም። ሁለት ድስት ነው።

ደረጃ 4፦ ስም

እዚህ ላይ ቆም ልበል። እኚያን እናት ያሳጣን ይህ ነው።

ፋጡማ የሚለውን ስም እንውሰድ። በአማርኛ ፋጡማ፣ ፋጢማ፣ ፋቱማ ተብሎ ይጻፋል። በቁቤ፣ ማለትም በአፋን ኦሮሞ የላቲን ፊደል፣ የጻፈው ሰው «ጠ»ን የሚጽፈው ኤክስ በምንላት የላቲን ፊደል ነው። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ የለመደው ደግሞ በቲ ይጽፈዋል። አንድ ሰው፣ አምስት አጻጻፍ። ለኮምፒውተሩ አምስት ሰው ነው። አማርኛው ብቻውንም ይበቃል፦ ሐሰን፣ ሀሰን፣ ሃሰን። ዓይናችን አንድ አድርጎ ያነባቸዋል። ኤክሴል ግን አንዱን ስትፈልጉ ሌላውን አያመጣላችሁም።

ጅማ ላይ ሌላም አለ። የ«አባ» ስሞች። አባ ጊዲ፣ አባ ዱላ፣ አባ ጆቢር እያልን የምንጠራቸው ሁለት ቃል ያላቸው አንድ ስሞች ናቸው። ሙሉ ስም በአንድ ሳጥን ተጽፎ በኋላ ኮምፒውተሩ በክፍት ቦታ እየለየ ቢቆርጠው የአባት ስም «አባ» ብቻ ሆኖ ይቀራል። የእኚያ እናት መዝገብ የተቆረጠው እንዲሁ ነው። ሊስቱ ላይ የአባታቸው ስም «አባ» የሚል ሰዎች አርባ ገደማ ነበሩ። አብዱልከሪምና አብዱል ከሪምም ያው ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። አንደኛ፣ ለመዝገቡ አንድ ፊደል ምረጡ፣ ግዕዝ ወይም ቁቤ። ሁለቱን አትቀላቅሉ። የትኛው ይሻላል ለሚለው ሊስቱን የሚያነበው ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። ወረዳው በአፋን ኦሮሞ የሚሰራ ከሆነ ቁቤ ስራ ያቀላል። ሁለተኛ፣ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ሦስት የተለያየ ሳጥን ይኑራቸው። «አባ» ከሚቀጥለው ስም ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ይግባ። ሦስተኛ፣ አቶ፣ ወይዘሮ፣ ሐጂ፣ ሼህ ከስሙ ሳጥን ይውጡ። አራተኛ፣ በተደጋጋሚ የሚመጡ ሃምሳ ያህል ስሞችን አጻጻፍ የያዘች አንድ ገጽ አዘጋጁና ለሁሉም አድሉ። ሀ፣ ሐ እና ኀ ላይ፣ ሰ እና ሠ ላይ፣ ጸ እና ፀ ላይ አንዱን ብቻ ምረጡ። ትክክለኛው የቱ ነው ብላችሁ አትከራከሩ። ሁላችሁም አንድ ዓይነት መጻፋችሁ ይበቃል። አምስተኛ፣ «ሰፈር ውስጥ የሚታወቁበት ስም» የሚል ሳጥን ጨምሩ። ብዙ እናቶች የሚታወቁት በልጃቸው ስም ነው። ሰው ፍለጋ ስትወጡ መንገድ የሚያሳያችሁ ያ ስም ነው።

የመዘገበው ሰው ኮድም በእያንዳንዱ ቅጽ ላይ ይኑር። ያን ቀን ቅጹ ላይ የመዝጋቢው ኮድ ቢኖር ኖሮ ባለ ቀይ ሹራቡ ልጅ የመዘገባቸውን ብቻ አውጥቼ እናትየዋን በአምስት ደቂቃ ባገኘኋቸው ነበር።

ስልክ ቁጥር በጽሑፍ መልክ ይያዝ። ኤክሴል በ09 ወይም በ07 የሚጀምረውን ቁጥር ሲያይ ዜሮዋን ይቆርጣታል። ስንት አሃዝ እንደሆነ የሚቆጣጠር ሕግ ቅጹ ላይ አስገቡ፣ አስር።

ደረጃ 5፦ ቀንና ዕድሜ

05/03/2017 የሚል ቀን አየሁ እንበል። ኅዳር 5 ነው? ጥር 3 ነው? ወይስ በፈረንጅ ነው? ማንም አያውቅም። የባሰው ደግሞ ኤክሴል የኛን ቀን የፈረንጅ አስመስሎ ዝም ብሎ መቀበሉ ነው። ጥቅምት 30ን (30/02) ግን ቀን ነው ብሎ አያምንም። ጳጉሜንንም እንደዚሁ። አንዱ መዝገብ ላይ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል።

ዕድሜ ላይ ሲመጣ ጉዳቱ ይከፋል። በ2010 የተወለደ ልጅ ዕድሜ ከ2025 ላይ ተቀንሶ 15 ዓመት ሲባል አይቻለሁ። ልጁ ግን 7 ዓመቱ ነው። ለሕጻናት ምግብ የምትመዘግቡ ከሆነ ይህ ቀልድ አይደለም። የክንድ ዙሪያ መለኪያ የሚሰራው ከ6 እስከ 59 ወር ላሉ ሕጻናት ነው። ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከፍተኛ አጣዳፊ የምግብ እጥረት ነው፣ ከ11.5 እስከ 12.5 በታች መካከለኛ። ዕድሜው ከተሳሳተ ልጁ ከነጭራሹ ሳይለካ ይታለፋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ኮቦ ኮሌክት (የኮቦ ቱልቦክስ የስልክ መተግበሪያ) ላይ የቀን ጥያቄ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲታይ ማድረግ ይቻላል። ጠያቂው «ጥቅምት 30» ብሎ ይመርጣል፣ ስልኩ ራሱ ወደ ፈረንጅ ቀይሮ ያስቀምጠዋል። ቅጹን ስትሰሩ አፒራንስ (የጥያቄው አቀራረብ) በሚለው አምድ ላይ ኢትዮፒያን የሚለውን ቃል በትናንሽ የላቲን ፊደላት መጻፍ ብቻ ነው። ወረቀት የምትጠቀሙ ከሆነ ወሩ በስሙ ይጻፍ፣ በቁጥር አይጻፍ። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለው ቅጹ ላይ ታትሞ ይኑር። ሰዓትም ሲጻፍ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ይባል።

የልደት ቀን የማታውቅ እናት ስታጋጥማችሁ ዝም ብላችሁ «2 ዓመት» አትሙሉ። በአካባቢው ክስተቶች አስታውሷት። ከመውሊድ በፊት ነው በኋላ? ቡና ሲለቀም ነው? ረመዳንን ስትጠቀሙ ግን ዓመቱን ለዩ፣ በየዓመቱ በአስር ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል። በ2016 መጋቢት 2 ገብቶ በ2017 የካቲት 22 ነው የገባው።

ደረጃ 6፦ ቅጹን ስልክ ላይ ስሩት

ኮቦ ቱልቦክስ ለሰብአዊ ስራ ተብሎ የተሰራ ነው። ያለ ኔትወርክ ይሰራል። ስልኩ ላይ ያጠራቅምና ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል። ዴዶ ወይም ጌራ ውስጥ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ መውጣት ለለመደ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጥያቄዎቹን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጎን ለጎን አስገቡ። ጠያቂው ሜዳ ላይ በቃሉ ይተርጉም ብላችሁ አትተዉት። አምስት ጠያቂ አምስት ዓይነት ይተረጉማል።

ገደቦችን አስቀምጡ። የቤተሰብ ብዛት ከ1 በታች፣ ከ25 በላይ ሲሆን ስልኩ «እርግጠኛ ነህ?» ይበል። ነፍሰ ጡር የሚለው ጥያቄ ለወንድ አይምጣ። «አላውቅም» ለሚለው መልስ ራሱን የቻለ ምርጫ ስጡት። 99 ብላችሁ በቁጥር አትያዙ። 20 ቤት ውስጥ አስራ ዘጠኙ 5 ሰው ቢኖራቸውና አንዱ ላይ 99 ቢጻፍ አማካዩ 9.7 ይሆናል። ቅድም ያሰላነው ውሃ በእጥፍ ሊጠጋ ነው።

ከዚያ ኮቺ ወይም ጂሬን አካባቢ አምስት ቤት ሂዱና ሞክሩት። ቢሮ ውስጥ እርስ በርስ መጠያየቅ ሙከራ አይባልም። የምንጠይቀውም የምንመልሰውም እኛው ስለሆንን ሁሉ ነገር ይገባናል።

ደረጃ 7፦ ፈቃድ

ፈቃድ ፊርማ ብቻ አይደለም። ሰውየው ምን እንደሚሰጥና ለምን እንደሚሰጥ ይወቅ። እኔ የማስጠናው ንግግር እንዲህ ይላል፦

«እንደምን ዋሉ። የመጣሁት ከእንዲህ ያለ ድርጅት ነው። በጎርፉ ለተጎዱ ቤተሰቦች የቤት ቁሳቁስ ለማደል እየመዘገብን ነው። ስምዎን፣ የቤተሰብ ብዛትዎንና ስልክዎን እጠይቅዎታለሁ። ሩብ ሰዓት ይፈጃል። የሚነግሩኝን የሚያዩት የእኛ ቢሮና አብሮን የሚያድለው የወረዳ ባለሙያ ናቸው። መመለስ የማይፈልጉት ካለ ይለፉት። መመዝገብ ማለት የግድ ያገኛሉ ማለት አይደለም። ውጤቱን ግን መጥተን እንነግርዎታለን። እንጀምር?»

«የግድ ያገኛሉ ማለት አይደለም» የምትለውን ዓረፍተ ነገር ጠያቂዎች መዝለል ይወዳሉ። ሰው ፊት መናገር ከባድ ስለሆነ ነው። አታዘልሏቸው። በዝምታ የተሰጠ ተስፋ በኋላ ጠብ ይሆናል።

አንድ ሰው ስለ ደረሰበት ጥቃት ቢነግራችሁ ቅጹ ላይ አትጻፉት። አድምጡ፣ ፈቃዱን ጠይቁ፣ ወደ ሰለጠነ ባለሙያ ምሩት።

ደረጃ 8፦ ሜዳ

ቀኑን ስትመርጡ የአካባቢውን ኑሮ አስቡ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ነው። ቀን ቀን ቤት የምታገኙት ሽማግሌና ሕጻን ነው። ያኔ ማለዳና አመሻሽ ሂዱ። ዓርብ ቀትር ለጁምዓ ተዉት። የወረዳውን የገበያ ቀን ጠይቁ። ክረምት ከሆነ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ለአንድ ቀን የያዛችሁትን ስራ ለሁለት አስቡት። ፓወር ባንክ ያዙ። ስልኩ ቢዘጋም ስራው እንዳይቆም ለእያንዳንዱ ጠያቂ አስር የወረቀት ቅጽ ይኑረው።

ጂፒኤስ ስትወስዱ ከቡና ጥላው ዛፍ ስር ወጥታችሁ ሰማይ የሚታይበት ቦታ ቁሙ። ትክክለኛነቱ ከ10 ሜትር በታች እስኪወርድ ጠብቁ።

ማታ ማታ አስተባባሪው የዕለቱን መረጃ ይይ። በየቀኑ፣ ሳይታለፍ። አንድ ጠያቂ 15 ቤት ሁሉንም «5 ሰው» ካለ፣ ወይም አንዱን ቃለ መጠይቅ በሦስት ደቂቃ ከጨረሰ ነገ ጠዋት ያነጋግረው። ከሳምንት በኋላ ከሆነ ማንም አያስታውስም። ከየጠያቂው ሁለት ሁለት ቤት መርጣችሁም ተመልሳችሁ ጠይቁ። ሰው ለመወንጀል አይደለም። ልጆቹ ደክመው ይሆናል፣ ጥያቄው ግር ብሏቸውም ይሆናል።

ደረጃ 9፦ ማጽዳት

የመጣውን ፋይል አትንኩት። «ጥሬ» ብላችሁ ለብቻ አስቀምጡና በቅጂው ላይ ስሩ። የለወጣችሁትን ሁሉ ሌላ ገጽ ላይ ጻፉ፦ የትኛው ቁጥር፣ ምን ነበር፣ ምን ሆነ፣ ማን ለወጠው፣ ለምን። የፋይል ስም ላይ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የመጨረሻ» አትበሉ። ቀን አድርጉበት።

የተደገሙ ስሞችን ስትፈልጉ በስም ብቻ አትሂዱ። በስልክ ደርድሩ፣ ከዚያ በአባት ስም፣ ከዚያ በጂፒኤስ። የተመሳሰለ ስታገኙ አትሰርዙ። ምልክት አድርጉና ለቀበሌው ሰው አሳዩ። ስልክ የሌላቸው አምስት ጎረቤቶች የአንዱን ልጅ ስልክ አስመዝግበው ይሆናል።

ደረጃ 10፦ መጠበቅና ማጋራት

«ሊስቱን በቴሌግራም ጣልልኝ» የሚለው ልማድ ይቅር። 240 ቤተሰብ ከነስልኩ ግሩፕ ላይ ተለጥፎ የማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። ፋይሉን በይለፍ ቃል ዝጉ፣ ቃሉን በሌላ መንገድ ንገሩ። ለሹፌሩ የቀበሌና የካርቶን ብዛት ይበቃዋል፣ ስም አያስፈልገውም። ለለጋሽ ድርጅት ድምሩን ስጡ። ካርታ ስትሰሩ የቤቱን ነጥብ አታውጡ። የጂፒኤሱን አሃዝ ከነጥቡ በኋላ ሁለት ብቻ ብታስቀሩ ቦታው በኪሎ ሜትር ያህል ይደበዝዛል፣ ለካርታ ይበቃል።

ፎቶ ኮፒ ቤት አንድ ቀን ያየሁት አይረሳኝም። ሊስት ላሳትም ሄጄ ዴስክቶፑ ላይ የሌላ ድርጅት የተረጂዎች ፋይል ከነስልክ ቁጥራቸው ተቀምጦ አገኘሁ። ማንም ሊከፍተው ይችላል። ከቻላችሁ ቢሮ አትሙ። ካልቻላችሁ ከፍላሽ ላይ በቀጥታ አሳትሙ፣ የተቀዳ ካለ አጥፉ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርጉ። አገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ አይደለም፣ ግዴታ ነው።

ባክአፕ ሁለት ቦታ ይኑር፣ አንዱ ከቢሮ ውጭ። የምትሰርዙበትን ቀንም አሁኑኑ ካላንደር ላይ ጻፉ። ስልኮቹ ላይ የቀረውንም ጭምር።

ደረጃ 11፦ የዕደላ ቀን

ሊስቱ በካርድ ቁጥር ተደርድሮ ይታተም። በስም ፊደል አትደርድሩት። ሰው ካርዱን ያሳያል፣ 03-0147 ይፈለጋል፣ ይገኛል። ስሙ ለማረጋገጫ ነው። ካርድ ለጠፋበት ሰው በስም የተደረደረ ሁለተኛ ቅጂ ይኑር።

ከዋናው ሰልፍ ወጣ ብሎ ጥላ ስር አንድ ጠረጴዛ አስቀምጡ። ወንበርና ውሃ ይኑረው። «ስሜ የለም» ያለ ሰው ሁሉ እዚያ ይምጣ። ላፕቶፕ የያዘ፣ አፋን ኦሮሞም አማርኛም የሚችል ሰው ይቀመጥበት። ስማቸውን፣ ማን እንደመዘገባቸው፣ ጎረቤታቸው ማን እንደሆነ ይጠይቅ። እዚያው ካልተፈታ መልሱ የሚሰጥበት ቀን በወረቀት ተጽፎ ይሰጣቸው። እኔ ያን ቀን ይህ ጠረጴዛ አልነበረኝም።

ደረጃ 12፦ ተመልሳችሁ ንገሩ

ዕደላው ሲያልቅ ቀበሌው ውስጥ ሰው ሰብስቡና ያገኛችሁትን በድምር አንብቡ። ስንት ቤተሰብ ተመዘገበ፣ ስንት ተሰጠው፣ ስንት ቀረ፣ ለምን ቀረ። የግለሰብ ችግር፣ በሽታም ሆነ ሌላ፣ አታንሱ። ቀስ ብላችሁ አንብቡና ዝም በሉ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አውጥተው «ከወንዙ ማዶ ያሉት ስድስት ቤቶች አልተቆጠሩም» ይላሉ። አትከራከሩ። ያልተጻፈባቸውን ካርዶች ያዙና ወንዙን ተሻገሩ።